የሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኙ በርሜል

ፍረወይኒ የማትፈራው ነገር አልነበረም። የመንገዱን መኪና ትፈራለች፣ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ትፈራለች፣ በመስኮት የሚገባውን ንፋስና የጎረቤቱን ውሻ ትፈራለች። ልጇ ሉሊ አንዴ ካስነጠሰች እሷ ሦስቴ ታማትባለች። ከዚህ ሁሉ ፍርሃት ያመለጠ አንድ ነገር ቢኖር የቧንቧ ውሃ ነበር። ውሃውን ታምነዋለች። እንዴት አታምነው? የምትሠራው ውሃው በሚታከምበት ጣቢያ ነው።

ጣቢያዋ ከኡራኤል ቁልቁል፣ ወንዙ አጠገብ ያለች ትንሽ ግቢ ናት። ከጉድጓድ የሚወጣውን ውሃ ታጣራለች፣ በክሎሪን ጀርሙን ትገድላለች፣ ከዚያ በየፈረቃው ለካዛንቺስ ትለቃለች። ፍረወይኒ የጽዳት ሠራተኛ ናት። አምስት ዓመት ሙሉ ነጩን ዱቄት ሲመዝኑ፣ ሲበጠብጡ፣ ወደ ታንከሩ ሲያንጠባጥቡ በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ የግቢዋ ሴቶች ውሃ ሲያፈሉ ስታይ ትስቅ ነበር።

«እትዬ ጀማነሽ፣ ከሰሉን ለምን በከንቱ ይፈጁታል? እኛ አክመን የላክነውን ውሃ እንደገና ሊያክሙት ነው?»

እትዬ ጀማነሽ የግቢው አንጋፋ ናቸው። አፋቸው የሚመለስ አይደለም። «ታክሞ የወጣ ሁሉ ዳግም የማይታመም ይመስል! አንቺ ጣቢያሽን ጥረጊ፣ እኔ ማሰሮዬን ልጣድ» ይሏታል።

ግንቦት ሲገባ የግቢው ልጆች ሆዳቸውን መታመም ጀመሩ። ሉሊ በአንድ ወር ውስጥ ሦስቴ ተኛች። አንዱ የበዓሉን ሥጋ ከሰሰ፣ ሌላው ማንጎውን ከሰሰ። ፍረወይኒ ከማንጎ ከሳሾች ጋር ሆነች፤ ቤቷ የቀረውን ሁለት ኪሎ አውጥታ ጣለችው። የእትዬ ጀማነሽ የልጅ ልጅ ሀኒ ግን ያንኑ ማንጎ እየመጠጠች ደህና ነበረች። ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት ሉሊን አዝላ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ሆዷን ጫን ጫን አድርጋ አየቻትና፣ «ውሃ አፍልተሽ ነው የምትሰጫት?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ የውሃ ሠራተኛ ነኝ» አለች ፍረወይኒ ኮስተር ብላ። ነርሷም መድኃኒት ጻፈች።

ፋርማሲው ውስጥ ፍረወይኒ ሽሮፑን ተቀብላ እዚያው ቆማ ማንበብ ጀመረች። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ሆናለች። ከሥራ መልስ በቀበሌው አዳራሽ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ ያላነበበችው ነገር የለም፤ የሱቅ ታፔላ፣ የታክሲ ጥቅስ፣ የሳሙና መጠቅለያ። የምታነበው ቀስ ብላ ነው፣ ነገር ግን አንድም አታስቀርም። የሽሮፑ ፊደል የውጭ ስለሆነ ቁጥሩን ብቻ ለቀመች።

«ወንድሜ፣ ይሄ እስከ ሁለት ሺህ ሃያ ስምንት ይቆያል ማለት ነው? ዐሥር ዓመት?»

ፋርማሲስቱ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «አይደለም እናቴ። የፈረንጅ ዓመት ነው። በኛ ሁለት ሺህ ሃያ ማለት ነው። ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ ዓመት ካዩ ስምንት ይቀንሱለት። አንዳንዴ ሰባት ነው፤ ግን ለጥንቃቄ ስምንት ይቀንሱ።»

ፊቷ በሀፍረት ጋለ። ሀፍረቱ ግን ቤቷ ሲደርስ ወደ ሥራ ተለወጠ። እሑድን ሙሉ ዘይቱንም፣ ቫዝሊኑንም፣ የቲማቲም ድልሁንም እያነሳች ስምንት ስትቀንስ ዋለች።

«እማዬ፣ ከኔም ላይ ልትቀንሺ ነው?» አለች ሉሊ ከአልጋዋ ላይ።

«ካንቺ ላይማ ስምንት ብቀንስ ገና አልተወለድሽም! ስድስት ዓመትሽ ነው እኮ» አለቻትና ሁለቱም ሳቁ። ሉሊ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያን ቀን ነበር።

ሰኞ ጠዋት ልጇን ለእትዬ ጀማነሽ አደራ ሰጥታ ወደ ሥራ ወረደች። የዚያን ዕለት ፈረቃው የካዛንቺስ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ የመስመሩ ቫልቭ ይከፈታል፤ ሰፈሩ ከማለዳ ጀምሮ ባዶ ጀሪካኑን ደርድሮ ይጠብቃል።

እንደ ልማዷ ከክሎሪኑ ክፍል ጀመረች። ግማሹን ከጠረገች በኋላ ድንገት መጥረጊያዋን ያዝ አደረገች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ነው። አፏና አፍንጫዋ ተገልጠዋል።

ይህ ክፍል እንዲህ የሚገባበት ክፍል አልነበረም። ሽታው ጉሮሮ ይዞ የሚያንቅ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ነበር፤ አምስት ዓመት አፏን ሳትሸፍን ደፍራው አታውቅም። መሸፈኑን መቼ ተወችው? አሰበች። ከፋሲካ በኋላ ነው። አዲሱ ክሎሪን መምጣቱ ዘግይቶ፣ ከሚፈርሰው አሮጌ መጋዘን ጥግ በሸራ ተሸፍነው የተገኙትን በርሜሎች መጠቀም ከጀመሩ ወዲህ።

ወደ በርሜሉ ጎንበስ አለች። አስመጪው በአማርኛ የለጠፈበት ወረቀት አለ። ከዚህ በፊትም ፊደል ለቅማ አንብባው ነበር፤ ያኔ ማንበቧ ራሱ ደስ ስላላት ስለ ትርጉሙ አልተጨነቀችም። አሁን ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ደገመችው። «የተመረተበት፣ 08/2017። የሚያበቃበት፣ 08/2019።»

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ሃድጉ በርሜሎቹ የተገኙ ቀን ምን ብለው እንደነበር ትዝ አላት። «ስምንተኛው ወር ሚያዝያ ነው። እስከ መጪው ሚያዝያ ያገለግላል፤ ገና ብዙ ጊዜ አለው። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው!» ሁሉም አመስግኖ ነበር።

ከውጭ የመጣ ዕቃ። ከአሥራ ዘጠኝ ላይ ስምንት። በጣቷ ቆጠረች፤ አላመነችም፤ ደግማ ቆጠረች። ሁለት ሺህ አሥራ አንድ። ዘንድሮ አሥራ ስምንት ነው። ሉሊ ያልተወለደችበት ዓመት ላይ ያበቃ ዱቄት ነው ሉሊ የምትጠጣው ውሃ ውስጥ የሚበጠበጠው።

መጥረጊያዋን ጥላ ሮጠች።

የፈረቃው ቴክኒሻን ዮአብ ቁጥጥር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀልደኛና ደግ ልጅ ነው።

«ዮአብ፣ ዱቄቱ ሞቷል!»

«ማ ሞተ?» አለ የጆሮ ማዳመጫውን እየነቀለ።

«ክሎሪኑ! ዓመቱ የፈረንጅ ነው። ካለፈበት ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። አይሸትም፣ አይቆጠቁጥም። ውሃውን እንዳትለቀው።»

«ፍርዬ፣ ኧረ በናትሽ፣ በጠዋቱ አትሸውጂኝ። ኬሚስት ሆንሽ እንዴ?» መዝገቡን ገልጦ ወደ እሷ ገፋላት። «ይኸው፣ ዜሮ ነጥብ አምስት፣ ዜሮ ነጥብ አምስት፣ ዜሮ ነጥብ አምስት። የክሎሪኑ መጠን ልክ ነው። በቃ፣ ሰላም ነው።»

ፍረወይኒ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ እያንዳንዱ ቀን አንድ ዓይነት ቁጥር ነው።

«የልጄ ትኩሳት በቀን ሦስቴ ይለዋወጣል። ይሄ ውሃ እንዴት ወር ሙሉ ሳይነቃነቅ ቆየ? ማን ለካው?»

ዮአብ አንገቱን አከከ። «ማለቴ... የመለኪያው ኪኒን አልቋል። እንዲመጣ ጽፈናል። ግን ስድስት ኪሎ ከገባ ሁሌም ዜሮ ነጥብ አምስት ነው የሚሰጠው። ስድስት ኪሎ ደግሞ ገብቷል፤ በገዛ እጄ ነው የመዘንኩት።»

«ስድስት ኪሎ ምን?»

ዮአብ መዝገቡን ዘጋ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሁለት ተኩል ይላል።

ሁለቱም ወደ ጋሽ ሃድጉ ሄዱ። ጋሽ ሃድጉ የአባቷ የአገር ልጅ ናቸው፤ ይህን ሥራ ያስገቧትም እሳቸው ናቸው። ሰው የሚያከብራቸው፣ አንዲት ብሎን ያላዛነፉ ሽማግሌ። እሳቸውን «ተሳስተዋል» ማለት አባትን ገበያ መሐል እንደ መገሠጽ ነው። ቢሆንም ተናገረች።

ጋሽ ሃድጉ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ፊደል ቆጠርሽ ብለን ደስ ቢለን ጭራሽ እኛን ልታስተምሪ መጣሽ? ወረቀቱ በአማርኛ ነው። የፈረንጅ ዓመት በአማርኛ ይጻፋል እንዴ?»

«ፊደሉ የኛ ነው ጋሼ፤ ቁጥሩ ግን ከዕቃው ጋር ነው የመጣው።»

«ማነው ያለሽ?»

«የመድኃኒት ቤት ልጅ።»

«እንግዲያው የመድኃኒት ቤት ልጅ መጥቶ መጋዘኔን ይረከበኝ!»

ዮአብ ሳቁ አመለጠው። ፍረወይኒ አልሳቀችም። ተመልሳ ሄደችና ከበርሜሉ አንድ ማንኪያ ዱቄት በክዳን አድርጋ፣ በውሃ አርሳ መጣች። እንደ እሷ ስለ በረኪና የሚያውቅ በዚያ ግቢ ውስጥ ማን አለ? የሰማያዊ ጋዋኗን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና እርጥቡን ዱቄት አፈሰሰችበት።

«አምና አንዲት ጠብታ ፈንጥቃ ቡናማ ሱሪዎን እንደ ነብር አዥጎርጉራው አልነበር? እስቲ ይሄን እንየው።»

ሦስቱም ጋዋኑ ላይ አፈጠጡ። አንድ ደቂቃ ሆነ። ሁለት ሆነ። አምስት ሆነ። ሰማያዊው ሰማያዊ ነው። ፍረወይኒ በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አሳየቻቸው፤ ጨርቁ ፈዘዝ እንኳ አላለም።

ጋሽ ሃድጉ ከጋዋኑ ላይ ቀና አሉ። ቀስ ብለው ቁልፋቸውን አወጡ፣ የጠረጴዛቸውን የመጨረሻ መሳቢያ ከፈቱና በፕላስቲክ የተጠቀለለ የኪኒን እሽግ አወጡ።

ዮአብ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «ጋሼ! የመለኪያ ኪኒን ነበረ?! ወር ሙሉ አልቋል ሲሉኝ...»

«ለሥራ የሚሆነው አልቋል። ይሄ ለኢንስፔክሽን ያስቀመጥኩት ነው። ድንገት እንግዳ ቢመጣ ባዶ እጃችንን እንዳንገኝ ብዬ ነው።»

«እንግዳውማ መጥቷል ጋሼ» አለች ፍረወይኒ። «ልጄ ሆድ ገብቷል።»

ከዚህ በኋላ የተከራከረ የለም። ዮአብ ከታንከሩ ውሃ ቀድቶ በመለኪያዋ ብርጭቆ ሞላ፣ አንዲት ኪኒን ጣል አድርጎ ነቀነቀው። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ክሎሪን ከሌለ ቀለም አይይዝም። ብርጭቆዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጋት። ኪኒኗ አረፋ እየተፋች አለቀች። ውሃው እንደ ዝናብ ጠብታ ጥርት ብሎ ቀረ። ሌላ ቀድቶ ደገመ። አሁንም ጥርት ያለ ነው።

«ወይኔ!» አለ ዮአብና ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለ። «ወር ሙሉ እኮ በእጄ ነው ዜሮ ነጥብ አምስት ያልኩት።»

«ኋላ ታዝናለህ። ሰዓቱን እየው» አለችው።

ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ዮአብ ሮጦ ሄዶ ከቫልቩ ላይ መክፈቻውን ነቀለና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ለሥራ አስኪያጇ ለወይዘሮ መርሃዊት ደወለ። አንዲት ነገር አልሸሸገም፤ የበርሜሉን ዓመት፣ ያልተለካውን ቁጥር፣ ሁሉንም ተናገረ።

«ማን ነው የደረሰበት?» አለ የስልኩ ድምፅ።

«ፍረወይኒ ናት። የጽዳት ሠራተኛችን።»

«እኔ እስክደርስ አንዲት ጠብታ እንዳይወጣ። ለጤና ቢሮም አሁኑኑ አሳውቃለሁ። ፍረወይኒንም የትም እንዳትሄድ በላት።»

ፍረወይኒ ይህን ስትሰማ እንደ ልማዷ ክፉ ክፉውን አሰበች፤ ሥራዋን፣ የቤት ኪራዩን፣ የሉሊን ትምህርት ቤት። ነገር ግን ቫልቩ እንደተዘጋ አየችና፣ «የመጣው ይምጣ» አለች በልቧ።

ጋሽ ሃድጉ ኮታቸውን ለብሰው የጣቢያውን ፒካፕ አስነሡ። ወሎ ሰፈር በኩል ካለው ሌላ ጣቢያ ክሎሪን ሊበደሩ ነው። እሳቸው እስኪመለሱ ሰፈሩ ስልኩን አቃጠለው። «ውሃ የት ገባ?» «ሰርግ አለብኝ እኮ!» «ተኝታችሁ ነው?» ዮአብ አንዱን ይቅርታ ጠይቆ ሳይጨርስ ሌላው ይደውላል።

አምስት ሰዓት ላይ ፒካፑ ሁለት በርሜል ጭኖ ገባ። ወይዘሮ መርሃዊትም ቀድመው ደርሰው ነበር። ጋሽ ሃድጉ ከመኪናው ወርደው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብለው ተጣሩ።

«ፍረወይኒ! ነይ፣ አንብቢው።»

ጎንበስ አለች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አስኬደች። «የሚያበቃበት፣ ሦስት... ሁለት ሺህ ሃያ ስምንት።» ቀና አለች። «ስምንት ሲቀነስ ሁለት ሺህ ሃያ። ገና ወደ ሁለት ዓመት አለው ጋሼ።»

«ክፈቱት» አሉ ጋሽ ሃድጉ።

ክዳኑ ሲነሣ ሽታው እንደ በርበሬ ጭስ ተነሥቶ ሁሉንም መታቸው። ዮአብ አስነጠሰ፣ ወይዘሮ መርሃዊት በመሀረባቸው አፋቸውን ያዙ። ጋሽ ሃድጉ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ «ይኼ ነው! ይኼ ነው ክሎሪን!» አሉ፤ ያስለቀሳቸው ሽታው ብቻ ይሁን ሌላ ማንም አልጠየቃቸውም።

ዱቄቱ ተመዝኖ ተበጠበጠ፣ ታንከሩ ገባ። ሥራውን እንዲሠራ ጊዜ ሰጡት። ከዚያ ዮአብ ቀዳ፣ ኪኒኗን ጣለ፣ ነቀነቀ። መጀመሪያ ከሥሩ እንደ ጭስ የመሰለ ሮዝ ተነሣ። ቀጥሎ ብርጭቆዋ በሙሉ እንደ ጽጌረዳ ፈካች።

ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ወይዘሮ መርሃዊት ፍረወይኒን ጠጋ ብለው ትከሻዋን ያዙ።

«ከዛሬ ጀምሮ ውሃው ሳይለካ ቫልቩ አይከፈትም። ሲለካም አንቺ አብረሽ አይተሽ ትፈርሚያለሽ። የደመወዝሽንም ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ። ሌላስ ምን ላድርግልሽ?»

«ሦስት ኪኒንና ብርጭቆዋን ያውሱኝ» አለች ፍረወይኒ። «የሰፈሬ ሰው የድሮውን ውሃ አከማችቷል። ደግሞ ንጹህ ነው ብዬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ቫልቩ ተከፈተ። ሞንታርቦ የጫነች መኪና፣ «ያከማቻችሁትን ውሃ ድፉ፣ ካልሆነም አፍልታችሁ ተጠቀሙ!» እያለች ካዛንቺስን መዞር ጀመረች። ፍረወይኒ ግን መኪናዋን አልጠበቀችም፤ ዳገቱን በሩጫ ወጣችው።

ግቢዋ ስትደርስ ሰው ሁሉ ቧንቧውን ከቦ ቆሟል። እትዬ ጀማነሽ ሲያይዋት ወገባቸውን ያዙ።

«መጣችልን የውሃዋ እመቤት! ሦስት ሰዓት ብላችሁ ስምንት ሰዓት? ጾም ነው የያዛችሁብን?»

ፍረወይኒ ትንፋሿን ዋጠች። «እኔ ነኝ ያዘገየሁት። ስሙኝ። ውሃው ንጹህ ነው ያልኳችሁ ተሳስቼ ነው። ወር ሙሉ ክሎሪን አልነበረውም። ልጆቹን ያሳመማቸው ማንጎው አይደለም። አሁን ግን ታክሟል። የድሮውን ድፉት።»

ታዲዎስ፣ በር ላይ ሱቅ ያለው ጎረቤታቸው፣ በሁለት እጁ ሮቶውን አቀፈ። «አንድ ሺህ ሊትር ልድፋ? ውሃ እንደ ሎተሪ በሚደርስበት ሰፈር? አብደሻል እንዴ ፍሬ!»

«አልፈርድብህም። በዓይንህ እይ።»

ከሮቶው ቀዳች፣ ኪኒን ጣለች፣ ነቀነቀች። ጥርት ያለ፣ ባዶ ውሃ። «ይሄ ያንተ ነው።» ብርጭቆዋን አለቅልቃ ቧንቧውን ከፈተች። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ አጓራ፣ ከዚያ ወረደ። ጥቂት አስፈስሳ ሞላች፣ ኪኒን ጣለች፣ ነቀነቀች።

ሮዙ ከሥር ተነሣና ብርጭቆዋን ሞላት። ፍረወይኒ እጇን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየች።

«እማዬ፣ ሚሪንዳ ነው?» አለች ሉሊ ከበሩ ደፍ ላይ፣ ጋቢ ተከናንባ።

«ይሄ አይጠጣም የኔ እናት፣ ለማየት ብቻ ነው!»

እትዬ ጀማነሽ መሐል ግቢ ወጥተው እልልታውን አቀለጡት። ሌሎቹ ሴቶችም ተከተሏቸው። ታዲዎስ ሮቶውን አንዴ አየው፣ ሰማዩን አየ፣ አማተበና ከሥሩ ከፈተው። ጀሪካኖቹ በየተራ ተገለበጡ፤ የወር ውሃ ድንጋዩን እያጠበ ቁልቁል ወረደ፣ ልጆቹም ከኋላው እየዘለሉ ተከተሉት። በአጥሩ ማዶ ያለው ግቢ ነገሩን ሰምቶ መድፋት ጀመረ፤ ከዚያም የሚቀጥለው።

ፍረወይኒ ኩባያ በሳሙና አጥባ ከቧንቧው ሞላችና ሉሊ አጠገብ ተንበረከከች። ልጅቱ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። እናቷ ጉሮሮዋ ላይ አፍጥጣ እያንዳንዱን ጉንጭ ቆጠረች። ሉሊ ጨርሳ ኩባያውን መልሳ ዘረጋችላት።

«ጨምሪልኝ።»

ፍረወይኒ ጨመረችላት።